ኢያኤል የምትሮጥበት ፎቶ

በሰኔ ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ አረብ ሰፈር በሚገኘው የሐጂ ሙህዲን ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሐጂ ሙህዲን፣ ልጃቸው ሙንተሃ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ሙሴ እና እኔ ነን። የሙሴ ልጅ ኢያኤልም ነበረች፤ እሷን ግን አንድ ቦታ ነበረች ማለት ያስቸግራል። ከበሩ እስከ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው እስከ ሐጂ ሙህዲን ወንበር፣ ከወንበሩ ተመልሳ እስከ በሩ ትሮጥ ነበር። አምስት ዓመቷ ነው።

እኔ በርናባስ እባላለሁ። ሐይቅ ዳር ለመዝናናት የሚመጡ ሰዎችን ፎቶ አንስቼ እዚያው አሳትሜ እሰጣለሁ። ብዙ መናገር አልወድም፤ ሥራዬም ብዙ ንግግር አይፈልግም። «ትንሽ ወደ ቀኝ»፣ «ቀና በሉ»፣ «አትነቃነቁ» ካልኩ ይበቃል። የድሮው ካሜራዬ የቆመ ሰው አሳምሮ ያነሳል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ግን አይሆንለትም። አንድ ጊዜ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ሄጄ የሚጨፍሩ ልጆችን ሳነሳ ውዬ፣ ማታ ሳየው ያገኘሁት የቀለም ጭረት ብቻ ነበር።

ሙሴ ጎረቤቴ ነው። ከሀዋሳ ሞያሌ ጭነት ያመላልሳል። ኢያኤል ስትወለድ የግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። በሕፃንነቷ በየሳምንቱ ጄሶ ይቀየርላት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማታ ማታ ብረት ያለው ጫማ አድርጋ እየተኛች አደገች። ሙሴ ከመንገድ በመጣ ቁጥር የሚያገኛት ተቀምጣ ነበር። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የተቀመጠችባቸው ናቸው፤ እናቷ ሊድያ በሁሉም ላይ የልጅቷን እግር በነጠላ ሸፍናዋለች። አሁን እግሯ ድኗል። ዳነ ከተባለ ወዲህ ኢያኤል መራመድ የሚባለውን ነገር ትታ መሮጥ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

«የተቀመጠችበት ፎቶ ሞልቶኛል» ብሎኝ ነበር ሙሴ በዚያው ሳምንት በራችን ላይ ቆሞ። «አሁን የምፈልገው የምትሮጥበትን ነው። እግሯ የሚታይበት። በስልክ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለህ? ፊቷ ይወጣል፤ እግሯ ግን ጭስ ነው የሚመስለው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በእሷ አጸደ ሕፃናት ግቢ ሩጫ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ሞያሌ ነኝ። ያ እግር መሬት እንዴት እንደሚረግጥ ቆሜ ማየት ካልቻልኩ፣ በፎቶ እንኳ ልየው በርኔ።»

እሺ አልኩት። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ካሜራዬ ትዝ ያለኝ። አዲስ ለመግዛት ስቆጥብ ከርሜ ነበርና፣ በዚያች ቅዳሜ ሙሴና ልጁ ተከትለውኝ ሱቁ ሄድን።

የሐጂ ሙህዲን ሱቅ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡበት ነው። የምትፈትሻቸውም፣ የምታጸዳቸውም፣ የምትሸጣቸውም ሙንተሃ ናት። በዚህ ከተማ ካሜራ የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፤ ገና ከበር ሳትገባ ስለ ዕቃቸው መናገር ይጀምራሉ። ሙንተሃ እንደዚያ አይደለችም። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣

«ምንድነው የምታነሳው?» አለችኝ።

«ልጅ» አልኩ።

«የተኛ ወይስ የነቃ?»

ሙሴ ሳቀና ወደ ኢያኤል ጠቆመ። ሙንተሃ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደርሳ እስክትመለስ አየቻትና ሁለት ካሜራዎች አወረደች። አንዱ ሠርግ የሚያነሳ ሰው የሸጠው ትልቅ ጥቁር ካሜራ ነው፤ ሌንሱ ክንድ ያህላል። ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፤ ጠርዟ ተፍቋል፤ ከኋላዋ ያለው ስክሪን ወደ ላይ ይታጠፋል።

«ይሄማ ካሜራ ነው!» አለ ሙሴ ትልቁን ገና ሲያየው። «መድፍ ነው የሚመስለው! በርኔ፣ ይሄን ይዘህ ብትወጣ መንገድ ይለቁልሃል።»

እኔም ልቤ እዚያው ላይ ነበር። አነሳሁትና ወደ ሐጂ ሙህዲን አዞርኩት። ሐጂ ሙህዲን ቆባቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። በስክሪኑ ላይ የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

«የት አለና እንዲህ ያለ!» አለ ሙሴ።

ሙንተሃ ሳቀች። «አባባ እኮ እስከ ዙህር ሶላት ቢቆዩም አይነቃነቁም። እሷን አንሳት እስቲ።»

ካሜራውን ወደ ኢያኤል አዞርኩ። ልጅቷ ከበሩ እየሮጠች መምጣቷ ነበር፤ ሌንሱን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿን ከጎኗ ለጠፈች፤ አገጯን ቀና አደረገች። የምትተነፍስም አልመሰለኝም።

«ጎበዝ!» አሉ ሐጂ ሙህዲን።

«አያችኋት? ማንም ሳይነግራት!» አለ ሙሴ ደስ ብሎት። «እትዬ ደብሪቱ ናቸው እንዲህ ያሠለጠኗቸው፣ የአጸደ ሕፃናቱ ዳይሬክተር። ካሜራ ሲያዩ እንደ ወታደር ነው የሚቆሙት።»

«ጎበዝ ናት» አለች ሙንተሃ። «ግን ቆመች።»

«እና ፎቶ ስትነሳ ምን ታድርግ?»

«የምትሮጥበትን ነው የፈለግኩት አላልክም እንዴ?»

ሙሴ ራሱን አከከ። «ሩጪ እንጂ ኢያኤልዬ! ሩጪ!»

ኢያኤል ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በጥርሷ መካከል፣ «አባ፣ ፎቶ ነው እኮ» አለችው።

እኔ ዓይን አፋር ሰው ነኝና ፊቴ ቀላ። ያቺ ልጅ የቆመችው እንደ እኔ ያሉ ሰዎች «አትነቃነቁ» እያልን ስላሳደግናት ነው። ሙንተሃ ግን ማንንም አልወቀሰችም። ሁለቱንም ካሜራዎች በአንገቷ ላይ አንጠለጠለችና ሻርፗን አጠበቀች።

«አባባ፣ አሞራ ገደል ደርሰን እንመጣለን።»

«ካሜራዎቹ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸቱብኝ።»

«እኔስ ብሸት?»

«አንቺን እናትሽ ታጥብሻለች። ካሜራውን ማን ያጥበዋል?»

ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ያንን ለጥፎ ሳለ ገዢውን ከነካሜራው ይዞ ሊፈትሽ የሚወጣ ነጋዴ ከዚያ በፊት አላየሁም። ባጃጅ ያዝን፤ ኢያኤል አባቷ ጭን ላይ ተቀመጠች።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስንደርስ ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው እየተከፈለ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። ልጆች የዓሣ አንጀት እየያዙ ወደ ወፎቹ ይሮጣሉ፤ ወፎቹ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ደግሞ እየጮኹ ይሸሻሉ። ኢያኤል አፍታም ሳትቆይ ተቀላቀለቻቸው።

«በትልቁ ጀምር» አለችኝ ሙንተሃ።

ገና ወደ ዓይኔ ሳነሳው ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ሴት አየችኝና ጮኸች፦ «እናንተ ልጆች! ፎቶ አንሺ መጥቷል! ተሰለፉ! አንተ፣ ንፍጥህን ጥረግ!»

ልጆቹ ሮጠው ተሰለፉ። ረጅሙ ከኋላ፣ አጭሩ ከፊት። አንዱ የዓሣውን አንጀት ከጀርባው ደበቀው። ኢያኤልም መሃላቸው ገብታ አገጯን ቀና አደረገች። ከአባ ኮዳዎቹ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። እኔም ከልማድ የተነሳ «አትነቃነቁ» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ሙንተሃ ልጆቹ እስኪበተኑ ጠበቀች። ከዚያ ትንሿን ካሜራ ስክሪኗን ወደ ላይ አጥፋ ሰጠችኝ። «ወገብህ ላይ ያዛት። ዓይንህ ወደ ታች ይሁን። ድምፅ የላትም፤ አጥፍቼዋለሁ።»

እንዳለችኝ አደረግኩ። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን ሳይ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር የሚፈልግ ሰው እመስላለሁ። ጠባሿም ሴትዮ አላየችኝም። ልጆቹም ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ደስ አለኝና ከአንዱ ልጅ ኋላ ካሜራዋን እያዞርኩ ደጋግሜ ተጫንኩ። ያገኘሁት ግማሽ ጀርባ፣ አንድ ክርን፣ ከዚያ ባዶ ሐይቅ ነበር።

«አታባርረው» አለች ሙንተሃ። «አንተ እሱ ጋ ስትደርስ እሱ ሌላ ቦታ ደርሷል። የሚመጣበትን እይ። ያቺን የተገለበጠች ጀልባ አየሃት? ከወፎቹ ሲሸሹ ሁሉም በእሷ አፍንጫ በኩል ነው የሚዞሩት።»

እውነቷን ነው። እኔ ስንት ዓመት አሞራ ገደል ስመላለስ ያላየሁትን እሷ ቆማ ዓሣ እያሸተተች አይታዋለች። ካሜራዋ ተከፍታ የምትዘጋበትን የሻተር ፍጥነት ከፍ አደረገችው፤ ፎከሱን የጀልባዋ አፍንጫ ላይ አድርጋ ቆለፈችው።

«አሁን ልጁን እርሳው። ጀልባዋን ብቻ ጠብቅ። እዚያ ሲደርስ ተጫን።»

ጠበቅኩ። አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘረጋ፤ ልጆቹ ጮኹ። የመጀመሪያው ልጅ የጀልባዋ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ተጫንኩ። ስናየው ልጁ አየር ላይ ነበር። ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ተነስተዋል፤ አፉ ተከፍቷል፤ የተረከዙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ሙንተሃ ከኔ በላይ ደስ አላት። ያነሳሁት እኔ ሳልሆን እሷ ብትሆን ኖሮ እንኳ እንደዚያ የምትደሰት አይመስለኝም።

ሙሴ ፎቶውን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ግን በርኔ፣ ያኛው ይበልጣል። ይህችን ይዘህ ሐይቅ ዳር ብትወጣ ማን አንሳኝ ይልሃል?»

ይህም እውነት ነው። ሐይቅ ዳር ሰው ፎቶ አንሺ የሚመርጠው በካሜራው ትልቅነት ነው። አብሮኝ የሚሠራው ከበደ ሌንሱን ለማስረዘም ብቻ የማያስፈልግ ቆርቆሮ ጫፉ ላይ ገጥሞ ነው የሚዞረው፤ ሥራውም ከሁላችን ይበልጣል። ወደ ሙንተሃ ዞርኩ።

«እኔ የትኛውንም ብሸጥ ያው ሽያጭ ነው» አለች። «ሐይቅ ዳር ለሚመጣ ሰው ትልቁ ይሻልሃል፤ አልዋሽህም። ለእሷ ግን ሁለቱንም አይተሃል።»

ኢያኤልን አየኋት። ጫማዋን የሆነ ቦታ ጥላ አንድ አባ ኮዳ ታባርር ነበር።

«ትንሿን» አልኩ።

ሙሴ ሐሙስ ዕለት ጭኖ ሲነሳ ከጋቢናው ሆኖ ጠራኝ። «ካልተሳካልህ ደውለህ አልተሳካም አትበለኝ» አለ። «ስመለስ በአካል ንገረኝ። መሪ ይዤ እንዲህ ያለ ነገር መስማት አልፈልግም።» ከዚያ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ትንሿን ካሜራ ይዤ ሐይቅ ዳር ስለማመድ ከረምኩ። ብስክሌት የሚነዱ ልጆች፣ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች፣ ከእናታቸው የሚሸሹ ልጆች፤ ሁሉም የሚዞሩበት አንድ ቦታ አላቸው፤ ያንን ቦታ አስቀድሞ ማግኘት ነው። ከበደ ወገቤ ላይ ይዣት ሲያየኝ፣

«በርናባስ፣ ሬዲዮህ ስንት ጣቢያ ይይዛል?» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። አንድ ቤተሰብ ወደ እኔ ሲመጣ የነበረው ሐሳቡን ለውጦ ወደ እሱ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት አጸደ ሕፃናቱ ግቢ ደረስኩ። ሌሊት ዘንቦ ሣሩ እርጥብ ነበር። እትዬ ደብሪቱ የመጨረሻውን መስመር በኖራ ሲያሰምሩ አገኘኋቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፊሽካ በአንገታቸው ላይ አለ። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከነእናቱ ስም ያውቁታል፤ ሲጠሩትም የታመመው ጥርሱ ተሻለው ወይ ብለው ይጠይቁታል።

«የሙሴ ፎቶ አንሺ አንተ ነህ?» አሉኝ። «ካሜራህ የታለ?»

አሳየኋቸው።

«እንዴት ያለች ሚጢጢ ናት! በል እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ።»

ከኖራው መስመር አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፎከሱን ኖራው ላይ አድርጌ ቆለፍኩት፤ ካሜራዋን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ሊድያ ከወላጆቹ መሃል ነበረች። ኢያኤል እንዳትወድቅባት ፈርታ ገና ሩጫው ሳይጀመር ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍናለች።

ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ግቢው ጥግ ላይ ተሰለፉ። እትዬ ደብሪቱ ፊሽካውን ነፉ።

ሲነሱ ደስ ይሉ ነበር። ወላጆች ሁሉ ስልካቸውንና ታብሌታቸውን አነሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ከፊት የነበረው ልጅ አባቱ ታብሌት ወደ እሱ ዘርግቶ አየው። ቆመ። እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ አገጩን ቀና አደረገ። ከኋላው ያለችውም የእናቷን ስልክ አየችና ቆመች። አንድ በአንድ ሁሉም ቆሙ። ግቢው መሃል ላይ ቀጥ ብለው፣ ጸጥ ብለው፣ ፎቶ እስኪነሱ ጠበቁ።

«ወይኔ ሲያምሩ!» አለች አንዲት እናት፤ ሌሎቹም ማንሳታቸውን ቀጠሉ። ሲያነሷቸው ልጆቹ የበለጠ ቀጥ አሉ።

«ኧረ ሩጡ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ሩጡ እንጂ ልጆቼ! ምን ነካችሁ?»

ኢያኤልም ቆማለች። ልቤ ተሰበረ። ከቆመችበት ሆና የሚያነሳት ሰው ፈለገች። እናቷን አየች፤ እናቷ ዓይኗን ሸፍናለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ስሟን ልጠራት ፈለግኩ፤ ካሜራዋን አንስቼ ከቆመችበትም ቢሆን ላስቀራት ፈለግኩ። ግን ካነሳሁ እስከ ማታ እንደምትቆም አውቃለሁ። አንገቴን ደፍቼ ኖራውን ብቻ አየሁ። ሰው ዓይን ማየት ስለማልወድ ይህ ከማንም በላይ ይቀለኛል።

ማንም ፎቶ እያነሳት አልነበረም። ስለዚህ የምትቆምበት ምክንያት አልነበራትም።

ኮቴዋን ነው አስቀድሜ የሰማሁት፤ እርጥብ ሣር ላይ ቸብ ቸብ የሚል። አልተከተልኳትም። ኖራው ላይ ብቻ ዓይኔን ተክዬ ቆየሁ። የግራ እግሯ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ተጫንኩ። እሷ ግን አልቆመችም፤ ጉልበቴን ዘልላ እስከ አጥሩ ድረስ ሄዳ አጥሩን በሁለት እጇ መታችው።

እትዬ ደብሪቱ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ወላጆቹን ስልካቸውን ኪሳቸው እንዲከቱ አዘዙ። ሩጫው እንደገና ተደረገ። ኢያኤል በሁለተኛው ሩጫ አራተኛ ወጣች።

ሊድያ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። አሳየኋት። ኢያኤል ወደ ፊት አዘንብላ፣ ቀሚሷ ወደ ኋላ ተነፍቶ፣ አንድ እግሯ አየር ላይ ነው። የግራ እግሯ ኖራው ላይ አርፏል፤ ተረከዙም ጣቶቹም መሬት ነክተዋል። በዙሪያው የኖራ ዱቄት ብን ብሎ ቆሟል። ሊድያ ስክሪኑ ላይ የልጅቷን እግር በጣቷ ስትነካው ምስሉ ሰፋና ያ እግር ብቻውን ስክሪኑን ሞላው። ለማጥበብ አልሞከረችም።

ሰኞ ለት አሳትሜ አንዱን ለሙንተሃ ወሰድኩላት። ምን እንደምላት መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር፤ ሱቁ ስደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ብርሃን ወዳለበት ይዛው ሄደች።

«ትክክለኛው ቦታ ላይ ጠበቅካት» አለች።

ሐጂ ሙህዲንም መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ይህች ልጅ ሱቄን ያመሰችው ናት» አሉና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚለው ጽሑፍ በታች እንድትሰቅለው ነገሯት። እስካሁን እዚያ አለ። የሚሮጡ ልጆች ለማንሳት ካሜራ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ሙንተሃ መጀመሪያ እሱን ታሳየዋለች አሉ።

ሙሴ ማክሰኞ ከሞያሌ ገባ። ፎቶውን መኪናው ጋቢና ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ላይ ለጠፈውና ሐሙስ ጭኖ ሄደ።